ታኮው በማን እጅ ነው?

አጎቴ በወጣትነታቸው የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ኤንትሬ ማለቴ ያ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለው የጣሊያን ፊያት የጭነት መኪና ነው። መሥመራቸው ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ነበር። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ለማያውቀው ግን ልንገረው። አርባ ምንጭ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አባያንና ጫሞን ቁልቁል እያየች ሙቀት ውስጥ ተቀምጣለች። ጨንቻ ደግሞ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 2700 ሜትር ወጥታ፣ ጉም ለብሳ ትጠብቃለች። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ መኪናው ግን መውጣቱን አልተወም። ድንቹም፣ ገብሱም፣ የዶርዜ ሸማም በዚያው ዳገት ይወርዳል፤ ጨውና ጋዝ በዚያው ዳገት ይወጣል።

የረዳት ሥራ ብዙ ነው። መጫን፣ ማውረድ፣ ጎማ መፍታት፣ ራዲያተር ውስጥ ውኃ መጨመር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታኮ ነው። መኪናው ዳገቱ መሐል ላይ ማቃሰት ሲጀምር ረዳቱ ዘልሎ ይወርድና ታኮውን አቅፎ ከኋላ ጎማው ጎን ጎን ይሮጣል። ሞተሩ ከጠፋ ወይም ፍሬኑ አልይዝ ካለ ድንጋዩን ጎማው ሥር መወተፍ የሱ ፋንታ ነው። አንድ ሰከንድ ከዘገየ መኪናውም ጭነቱም ሹፌሩም ገደል ናቸው። አጎቴ «ሹፌሩ እስኪጮህ የሚጠብቅ ረዳት ረዳት አይባልም» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ባቡር ልጽፍ ነው። አንባቢ ይታገሠኝ፤ ከጨንቻ ዳገት ወደ ሐዲዱ የሚያደርሰው መንገድ ሩቅ አይደለም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን ደቡብ መሥመር ሲሆን ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። በዚያው ዓመት አጎቴ ሽሮ ሜዳ ያሉትን ዘመዶቻችንን ሊጠይቁ መጡ። (የጋሞ ሰው አዲስ አበባ ገባ ከተባለ መጀመሪያ የሚፈለገው ሽሮ ሜዳ ነው። ሸማኔው ዘመዱ እዚያ ነዋ!) ከሠርጉም ከለቅሶውም ከተረፈች አንዲት ቀን ላይ «እስቲ ያንን ባቡራችሁን አሳየኝ» አሉና ይዣቸው ወጣሁ። ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሰው እንደ ጉድ ነው። አጎቴ ግን ከመቀመጫም ከመስኮትም ይልቅ ያሳሰባቸው የሹፌሩ ክፍል ነበር፤ እየተጋፉ ሄደው በመስተዋቱ አሻግረው አዩ።

«ብቻውን ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ብቻውን ነው።»

«ረዳቱ የታለ?»

ሳቄ መጣ። «ይኼኮ ረዳት አያስፈልገውም። የት እንደደረሰ የሚያይ ማዕከል አለ፤ ኮምፒዩተር ነው የሚከታተለው» አልኩ፣ ዐዋቂ ዐዋቂ እየሸተተኝ።

አጎቴ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሺ፤ እሱስ ሲተኛ?» አሉኝ።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ብዙ የሚያፋጥጥ ጥያቄ ጠይቀውኛል፤ እንዲህ አፌን ያስያዘኝ ግን አላስታውስም። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው አሥር ዓመት አለፈኝ።

እንግዲህ ከራሳችን ልጀምር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሣ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐረር መውጣት አቅቶት ከተራራው ሥር ቀረና ድሬዳዋን ወለደ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ካረፉ በኋላ ማለት ነው። ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ማን ቆፈረ፣ ማን ፈረመ፣ ማን አበደረ፣ ምን ያህል ፈጀ የሚለው ተጽፏል። ብዙም ያልተነገረን ያ ሁሉ ባቡር እርስ በርሱ ሳይላተም እንዴት ይመላለስ እንደነበር ነው።

መሥመሩ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር የሆነ፣ ነጠላ ነው። ከጂቡቲ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ የሚሄደውም በዚያችው አንድ መንገድ ነው። መተላለፍ የሚቻለው ጣቢያ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ሲቆም ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት መሥመር ላይ ቁጥጥር ማለት የሁለት ጣቢያ ሹሞች ቃል ነው። አንዱ በቴሌግራፍ ወይም በስልክ «መንገዱ ነፃ ነው ወይ?» ይላል፤ ሌላው «ነፃ ነው፣ ላክ» ይላል፤ የተባለው ተደግሞ ይነገራል፤ መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ ይጻፋል። ባቡሩ እስኪደርስና «ደርሷል» እስኪባል ሌላ ባቡር አይለቀቅም።

ይህን ሳነብ የድሮ ሙያዬ ተቀሰቀሰብኝ። እንግዲህ በበረሃው መሐል የመቶዎች ሕይወት የተንጠለጠለው በአንድ አረፍተ ነገር ላይ ነበር! አንድ ቃል በስልኩ ጉርምርምታ ከተዛባ፣ «አልደረሰም» የሚለው «ደርሷል» ተብሎ ከተሰማ አለቀ። ለዚህ ነው ተደግሞ ይነገር፣ ይጻፍም የተባለው። እኔ ተማሪዎቼን «ቃል ክብደት አለው» እያልኩ ሳደክማቸው፣ የባቡር ሰዎች ነገሩን ከኔ በፊት ደንብ አድርገውት ኖሯል።

ይህ አሠራር ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይላተም ይጠብቃል። አንዱ ባቡር ብቻውን ሲበርስ? እዚያ ላይ ያለው ሹፌሩ ነው።

ጥር 1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ፤ አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ ድርቁ ነበር። በዚያ ሁሉ ሞት መሐል አዋሽ ላይ ባቡር ተገለበጠ የሚል ወሬ አርባ ምንጭ ደረሰ። ሠፈራችን ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ባቡር አይተን የማናውቅ ሕፃናት «ባቡር እንዴት ይገለበጣል? እንደ መኪና ነው እንዴ?» እያልን ትልልቆቹን ስንጠይቅ «ዝም በሉ» መባላችንን አስታውሳለሁ።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ፈጣኑ ባቡር ነበር። አዋሽ አጠገብ መታጠፊያ ላይ ያለ ድልድይ አለ። ባቡሩ መቀነስ የነበረበትን ፍጥነት ሳይቀንስ ገባበት። ሠረገላዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ በመቶ የሚቆጠር ቆሰለ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተብሎ እስካሁን ይጠቀሳል። ሹፌሩ ፍጥነት አልቀነሰም ተብሎ ታሰረ።

በቃ። «ሹፌሩ ነው» ተባለ፤ ነገሩ ተዘጋ። በሠፈራችንም የተባለው ይኸው ነበር። ሹፌሩ ጠጥቶ ይሆናል፣ ተኝቶ ይሆናል፣ አብዶ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ያሻውን ጨመረበት። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም። ዛሬ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሹፌሩ አጥፍቷል እንበል። ከመታጠፊያውና ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ከአንድ ሰው እጅ በቀር ሌላ ነገር እንዳይኖር የወሰነውስ ማነው? ያ ሰው ቢደክም፣ ልቡ ቀጥ ቢል፣ ሐሳብ ቢወስደው ታኮውን የሚወትፍ ረዳት የት ነበር? ይህን ለመጠየቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ ጨንቻ ዳገት ላይ መሮጥ ይበቃል።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ የጠየቀው በደም ነው፤ በዚህ ረገድ ከኛ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ ከምትባል ከተማ ከ900 በላይ ሰው፣ አብዛኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ለሽርሽር በባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ዳገት ላይ ጉልበት አጠረው። የባቡሩ ሰዎች ሠረገላዎቹን ለሁለት ከፍለው የፊተኞቹን አስቀድመው ለማድረስ ወሰኑ። የኋለኞቹ አሥር ሠረገላዎች ዳገቱ ላይ ቀሩ። ምን ይዟቸው ቀረ መሰላችሁ? አንድ የእጅ ፍሬንና ጎማው ሥር የተወተፈ ድንጋይ! ታኮ በሉት። የፊተኛው ሊነሣ ሲል ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነካቸው፤ ድንጋዩ ተፈጨ፤ ሠረገላዎቹ ልጆቹን እንደያዙ ቁልቁል ተለቀቁ። በሩ እንኳ ተቆልፎ ነበር። ከኋላ ደግሞ ሌላ ባቡር እየመጣ ነው፤ የተለቀቀው የፊተኛው መድረሱ ተረጋግጦ ሳይሆን የተወሰነ ደቂቃ ስላለፈ ብቻ ነው። 80 ሰው ሞተ።

እንግሊዞች ሦስት ወር ሳይሞላ ሕግ አወጡ። አንድ መንገድ ክፍል ላይ ባቡር እያለ ሌላ አይለቀቅም፤ ምልክቱና ሐዲድ መቀየሪያው አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ሆኖ ይታሰር፤ የመንገደኛ ባቡር ፍሬን ከፊት እስከ ኋላ አንድ ይሁን፤ ሠረገላ ከተቆረጠ ፍሬኑ በራሱ ይያዝ። መሣሪያዎቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ። አሜሪካዊው ዌስቲንግሀውስ የአየር ፍሬኑን፣ ዊልያም ሮቢንሰን የሚባለው ደግሞ የሐዲድ ኤሌክትሪኩን ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሠርተው አሳይተዋል። ኩባንያዎቹ ግን «ውድ ነው» እያሉ ያዘገሙ ነበር።

የሮቢንሰን ሐሳብ ሽሮ ሜዳ ቢነገር ወዲያው የሚገባ ነው። በሐዲዱ ላይ ቀጭን ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ዳር እስከ ዳር ከደረሰ መንገዱ ነፃ ነው፤ አረንጓዴ ይበራል። ባቡር ከገባበት የብረት ጎማው ኤሌክትሪኩን ያሳጥረዋል፤ ቀይ ይበራል። አሁን የሚደንቀው መጣ፤ ሽቦ ቢበጠስስ? ባትሪ ቢያልቅስ? ሐዲዱ ቢሰበርስ? ያኔም ኤሌክትሪኩ አይደርስም፤ ቀይ ይበራል። ሸማኔ አንዲት የድር ክር ስትበጠስበት እጁን ያነሣል እንጂ እየገመተ አይሸምንም፤ ይህም እንደዚያው ነው። መሣሪያው ካላወቀ «አላውቅም» ብሎ ያቆማል። አጎቴ «እሱስ ሲተኛ?» ላሉት መልሱ በመቶ ሃምሳ ዓመት ይቀድማቸው ነበር። ሲተኛ መቆም አለበት። በተኛበት አረንጓዴ ካበራ ቁጥጥር አይባልም፤ ወጥመድ ነው።

ይህም ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 2011 ቻይና ውስጥ ዌንዡ አጠገብ መብረቅ የምልክት መሣሪያውን መታው፤ መሣሪያው ሲበላሽ ቀይ ማሳየት ሲገባው አረንጓዴ አሳየ። ከኋላ የመጣው ፈጣን ባቡር የቆመውን ገጨው፤ 40 ሰው ሞተ። ምርመራው ጥፋቱን በመሣሪያው ንድፍና በባለሥልጣናቱ ላይ አደረገ።

ከሁሉ በላይ ከአዋሽ ጋር አያይዤ የማስበው ግን የጃፓኑን ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. አማጋሳኪ በምትባል ከተማ አንድ የ23 ዓመት ወጣት ሹፌር ባቡሩን 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት በተፈቀደበት መታጠፊያ በ116 አስገባው። ባቡሩ ወጥቶ ከመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተመ። ሹፌሩን ጨምሮ 107 ሰው ሞተ። ለምን እንዲህ ፈጠነ? ቀደም ሲል አንድ ጣቢያ አልፎ ቆሞ ስለነበር የአንድ ደቂቃ ተኩል መዘግየት ገጥሞታል። ኩባንያው ያዘገየውን ሹፌር «ትምህርት» ብሎ የሚያዋርድበት የቅጣት ልማድ ነበረው። ልጁ ቅጣቱን እየፈራ ነበር። በዚያ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ፍጥነት ያለፈውን ባቡር በራሱ የሚይዘው አዲሱ መሣሪያ ገና አልተተከለም።

መታጠፊያ፣ ፍጥነት፣ ሹፌር። አዋሽ ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጃፓኖቹ «ሹፌሩ ነው» ብለው አላበቁም፤ ሹፌሩማ ሞቷል። መሣሪያው ለምን አልተተከለም፣ ልጁ ምን አስፈራው ብለው የኩባንያውን አለቆች ፍርድ ቤት እስከ ማቆም ሄዱ። አለቆቹ በነፃ ተለቀቁ፤ እሱን አልደብቅም። ጥያቄው ግን በአደባባይ ተጠየቀ፤ መሣሪያውም ተተከለ።

ወደ ቀላል ባቡራችን ልመለስ። 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ሁለቱ መሥመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አምስት ጣቢያ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በዚያ መሐል መቀየሪያው ወዴት እንደተጠመዘዘ፣ ከሁለቱ አቅጣጫ የሚመጣው ማን ቀድሞ እንደሚገባ መታወቅ አለበት፤ የድሮዎቹ የጣቢያ ሹሞች በስልክ ይነጋገሩት የነበረውን ዛሬ በሽቦና በኮምፒዩተር የሚነጋገሩት እዚያ ላይ ነው። በቀረው መንገድ ሹፌሩ ከፊቱ እያየ ይነዳል። አጥር ጥሶ ሐዲድ ላይ የወጣ መኪና በዚህ ከተማ ስንቴ አይተናል! ያንን የሚያየው የሹፌሩ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ያንቀሳቀሱት ቻይናዎቹ ነበሩ፤ በኋላ ለኛ ልጆች አስረከቡ። ልጆቹም ነዱት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መብራቱ ይቆራረጣል፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች የሚሠሩት አሥር እንኳ እንደማይሞሉ፣ ለጥገናው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተዘገበ። የቀሩት ግቢ ውስጥ ቆመው ለሚሠሩት አካል ሲለግሱ ኖሩ። ሰው ጣቢያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ ሲመጣለት እንደ ጆንያ ይታጨቃል።

«ታዲያ ይህ ከቁጥጥር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘዋል። የቆመ ባቡር ለዓይን ይታያል፤ ጋዜጣ ይጽፍበታል፤ ተሳፋሪው ይራገማል። ያረጀ የምልክት መሣሪያ ግን አይታይም። አንድ የሚያቆም መሣሪያ ተበላሽቶ ቀይ ቀይ ሲያሳይ፣ ሥራ አስኪያጁም ተሳፋሪውም የሚቸኩሉበት ሰዓት ላይ አንድ ፈተና ይመጣል፤ «ዝጋውና በዓይንህ እያየህ ሂድ» የሚል። እኛ ጋ ተደርጓል አላልኩም። በባቡር ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ፈተና ያልመጣበት አገር የለም፤ የሚመጣውም መለዋወጫ በጠፋበት አገር ቶሎ ነው።

አሁን አሁን «እናሻሽል፣ አዲሱን ሥርዓት እናምጣ» የሚል ወሬ እሰማለሁ። አዲሱ የሚሉት ባቡሩ በሬዲዮ ያለበትን ቦታ በየቅጽበቱ ለኮምፒዩተር የሚናገርበት ነው። ኮምፒዩተሩ ከፊት ያለውን ርቀት እያሰላ «እስከዚህ ሂድ» ይለዋል፤ ሹፌሩ ካለፈ መኪናው ራሱ ፍሬን ይይዛል። ግሩም ነው። አዋሽ ላይ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ ብዬም ዝም እላለሁ።

ግን አንድ ወሬ ልጨምርላችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ያች ኮምፒዩተር የሚፈለፈልባት አገር አፍንጫ ሥር ያለች ከተማ፣ የቀላል ባቡሯን መቆጣጠሪያ የተከለችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በተተከለበት ሰሞን ከተማዋ ተተረማምሳ እንደነበር ዛሬም ይወራል። ያ መቆጣጠሪያ በየጠዋቱ ሥራ የሚጀምረው በምን መሰላችሁ? በሦስት ፍሎፒ ዲስክ! ያ የድሮው፣ የሚተጣጠፈው፣ ትልቁ ፍሎፒ። እኔ የፈተና ጥያቄ በትንሹ ፍሎፒ ይዤ ስዞር የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ስንቱ ፈተና ፍሎፒው «አልከፈትም» ብሎ ቀርቶብኛል! ተማሪዎቼ ይመርቁት ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በዚያው ሲያጓጉዙ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ለመቀየር ከጃፓኑ ሂታቺ ጋር የ212 ሚሊዮን ዶላር ውል አጸደቁ። ሥራው ተጠናቆ የሚያልቀው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ ነው።

ይህን ወሬ ያነበበ ወዳጄ «አያችሁ፣ አሜሪካም እንደኛ ናት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ፍሎፒ በየጠዋቱ የሚሠራው በየጠዋቱ የሚያስገባው፣ ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው ስላለ ነው። ይቀየር ያሉትም ያ ሰው ጡረታ ሳይወጣና ፍሎፒው ሳይሞት በፊት ነው። ያረጀ መሣሪያ ሃያ አምስት ዓመት ያኖሩ ሰዎች አዲስ መግዛት ያምርባቸዋል። እኛ የአሥር ዓመቱን ያላኖርን ሰዎች አዲስ ብንገዛ ያ አዲሱ በስንት ዓመቱ ግቢ ይቆማል? ይህን ስል አይገዛ ማለቴ አይደለም። ሲገዛ ሳጥኑን የሚከፍት፣ ውስጡን የሚያነብ፣ ያለ ቻይናም ያለ ጃፓንም የሚያስተካክል ልጅ ከሳጥኑ በፊት ይገዛ ማለቴ ነው። ልጆቹ ደግሞ አሉ። በአዲስ አበባ የባቡር ምህንድስና የተማሩ ወጣቶች በዚሁ ቀላል ባቡር ምልክትና ቁጥጥር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈዋል። እኔ በመምህርነቴ የመመረቂያ ጽሑፍ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ፈትኜ፣ ፈርሜ፣ መደርደሪያ ላይ ያኖርኳቸው በእጄ ናቸውና ጣቴን የምቀስረው ወደ ራሴ ነው።

አጎቴ አሁን ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ባለፈው በጋ ጨንቻ ለቅሶ ነበረብንና የእኅቴ ልጅ በመኪናው ይዞን ወጣ። አጎቴ ከፊት ተቀምጠዋል። ከታች ያለውን ሜዳ እያሳየኋቸው፣ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል አርባ ምንጭን አልፎ ወደ ኮንሶ የሚወርድ የባቡር መሥመር በአገሪቱ የሐዲድ ዕቅድ ውስጥ ተሥሎ እንደነበር አወራኋቸው። ሰሙኝም አልሰሙኝም። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር።

«አቁም!» አሉ ድንገት።

ልጁ ደንግጦ አቆመ። አጎቴ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። መንገዱ መሐል ላይ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አለ። አንዱ የጭነት መኪና ታኮ አድርጎት፣ ሲነሣ ጥሎት ሄዷል። አጎቴ በከዘራው እየገፉ፣ እያለከለኩ፣ ወደ ዳር አወጡት። ልረዳቸው ስወርድ «ተው፣ ተው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ ያነሣዋልኮ» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ሌሊት የሚመጣው በምን ያየዋል?» አሉና በሩን ዘጉ።

ዶርዜ እስክንደርስ አራት ጊዜ አስቆሙን።